የቆራቢውንም ቁጥር ንገሩን

ይድረስ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው አባላት



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ያሰማችሁትን ሪፖርት ከምእመናኑ ጋር ቆሜ አዳምጫለሁ። የሱቆቹ ኪራይ አድጓል፤ ሁለገብ ሕንፃው ጣሪያ ሊለብስ ነው፤ የሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ ከአምናው በልጧል፤ ሒሳቡም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። በነጻ ለምትደክሙት ድካም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ነገር ግን በዚያ ረጅም ሪፖርት ውስጥ ስንት ሰው ንስሐ እንደ ገባ፣ ስንት ሰው እንደ ቆረበ፣ ስንት ሰው ከደጁ እንደ ራቀ አንድ ቃል አልሰማሁም። አጠገቤ የነበሩትም ይህ መቅረቱ አልገረማቸውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነው፤ ሁላችንም ለምደነዋል።

ቅዳሴው አልታጎለም። ሁለቱ ካህናትና ሦስቱ ዲያቆናት በሌሊት ገብተው ሥርዓቱን ያደርሳሉ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን ወደ ፊት የሚቀርበው ማን ነው? እናቶች የታቀፏቸው ሕፃናት፣ ጥቂት አረጋውያን፣ አልፎ አልፎ በተክሊል የተጋቡ ባልና ሚስት። በመካከል ያለው ትውልድ፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የልጆች አባት የሆነው ሁሉ ቆሞ ይመለከታል። ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው የሚለው ልማድ በእኛ አጥቢያ አልተጀመረም፤ በብዙ ቦታ የሚታይ የቆየ ችግር ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ልማዱን ለማረም በትጋት የሚያስተምር መታጣቱ ነው። ትምህርት ሊሰጥበት የሚገባው ሰዓት በሕንፃ ኮሚቴው ማስታወቂያና በጃንጥላ ጨረታ ያልቃል። ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ሲቀበል ሕዝቡ መስቀል ተሳልሞ መውጣት ጀምሯል።

ባለፈው ክረምት ያየሁትንም ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት አስከሬኑ ቤት ሳለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። በመጀመሪያ የተጠየቁት የአባልነት ካርድ ነበር። የሁለት ዓመት ውዝፍ ተገኘባቸው። ጎረቤት አዋጥቶ ከፈለ፣ ደረሰኝ ተቆረጠ፣ ፍትሐቱም ተፈጸመ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ጸሐፊውም የታዘዘውን ነው የሠራው። ነገር ግን ሟቹ እነዚያን ሁለት ዓመታት ያሳለፉት አልጋ ላይ ነበር። መዝገባችን ያለባቸውን ዕዳ እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፤ መታመማቸውን ግን አያውቅም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከአጥቢያው አንድ ሰው መስቀል ወይም ጸበል ይዞ በራቸውን አንኳኩቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሴትየዋ በዚያ የኀዘን ቀን ስለ ውዝፍ ሳይሆን ስለ ጸሎት በተጠየቁ ነበር።

ሰበካ ጉባኤ ለምን እንደ ተመሠረተ ለእናንተ መንገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ቢሆንም ላስታውስ። የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ ካህኑንና ምእመኑን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያንን አብረው እንዲጠብቁ ለማድረግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ስትተዳደርበት የኖረችው መሬት በአንድ አዋጅ ከእጇ ወጣ። ያን ጊዜ ካህናቱን ከረሃብ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ከመዘጋት የታደገው የሰበካ ጉባኤ የአባልነት መዋጮ ነው። ፓትርያርኩ ራሳቸው በደርግ ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የተከሉት ሥርዓት ግን ቤተ ክርስቲያኒቱን አሻገራት። ስለዚህ ገንዘብ መሰብሰብን የምናቅ ሰዎች አይደለንም። እነዚያ አባቶችና እናቶች ከሌላቸው ላይ ቆጥበው የሰጡት ግን መቅደሱ እንዳይዘጋ፣ ወንጌሉ እንዳይቋረጥ፣ ልጆቻቸው ያለ ካህን እንዳያድጉ ብለው ነው። የቃለ ዓዋዲው ዓላማም ራስን በገቢ መቻልን ብቻ አያነሣም፤ የምእመናንን መንፈሳዊ ሕይወት ማጽናትን ይጨምራል። እኛ ዘንድ አንዱ ዓላማ አድጎ ሌላውን ዋጠው። ሱቆቹ ለምን እንደ ተሠሩ የምናስታውሰው በመክፈቻው ቀን ብቻ ሆነ።

አንዳንዶቻችሁ ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ስታሳብቡ ሰምቻለሁ። ወጣቱ ቀዝቅዟል፣ ስልክ ወስዶታል ይባላል። አልቀበለውም። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታችን ሲወርድ መንገዱን ጠርጎ፣ ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ እየዘረጋና እየጠቀለለ፣ ላብ እያጠመቀው የሚሮጠው ማን ነው? ከራሱ ኪስ አዋጥቶ ምንጣፍ የገዛው ማን ነው? እነዚያው ልጆች ናቸው። በማግሥቱ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ጠይቀን አናውቅም። የሰንበት ትምህርት ቤታቸው አዳራሽ አብዛኛውን ቅዳሜ ለስብሰባ ይከራያል፤ እነሱ በዛፍ ሥር መዝሙር ያጠናሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። የተጠማው ሕዝብ አለ፤ ምንጩን የከለልነው እኛ ነን።

በዮሐንስ ራእይ ውስጥ የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ስለ ድካሟና ስለ ትዕግሥቷ ተመስግና፣ የቀድሞ ፍቅሯን በመተዋ ግን ትወቀሳለች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናንተ ትዝ ትሉኛላችሁ፤ ሰነፎች ናችሁ ሊላችሁ የሚችል የለምና።

ካህናቱንም ብቻቸውን አልወቅስም። አንድ የንስሐ አባት በመቶ የሚቆጠሩ የንስሐ ልጆች ተሰጥተውት፣ በደመወዙ ቤተሰቡን ማስተዳደር አቅቶት፣ ከክርስትና ወደ ፍትሐት፣ ከፍትሐት ወደ ጸበል ሲሮጥ ይውላል። ብዙዎቻችን ከንስሐ አባታችን ጋር የምንገናኘው ጾም ሲገባ በስልክ ነው፤ “እንዴት ናችሁ፣ ጾሙን ጀመራችሁ?” ይባላል፣ አሜን ይባላል፣ ይዘጋል። ከሁለገቡ ሕንፃ ወጪ ጥቂቱ ለካህናቱ ኑሮና ለተጨማሪ ካህናት ቅጥር ቢውል፣ ጣሪያው ቢዘገይም ቤተሰቦች ይጎበኛሉ። ጣሪያው ይዘግይ እላለሁ። በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በጉባኤ ፊት ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር ሌላ ሪፖርት እንድታቀርቡልን እለምናለሁ፤ በየንስሐ አባቱ ስር ስንት ልጆች እንዳሉና በዓመቱ ስንቶቹ ቤት ድረስ እንደተጎበኙ፣ ስንት አዋቂ እንደቆረበ፣ በአልጋ ላይ ያሉ ምእመናን እነማን እንደሆኑ። አኃዙ ትንሽ ቢሆን አትፈሩ፤ ትንሽ መሆኑን አብረን እንወቀው። እስከዚያው ድረስ የእሑዱ ትምህርት ከማስታወቂያው ይቅደም፣ ጨረታው ከቅዳሴ ቀን ይነሣ፣ አዳራሹ ለልጆቹ ይመለስ። ኀዘንተኛም በቀብር ቀን ስለ ውዝፍ አይጠየቅ፤ ዕዳ ካለበት ከአርባው በኋላ ይነገረው።

ይህንኑ በማመልከቻ ለጽሕፈት ቤቱ አስገብቻለሁ። የታመሙትን የሚጠይቅ ቡድን ስታቋቁሙ ስሜን መዝግቡ፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ፣ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ተከትዬ ለመሄድ ጊዜ አለኝ። እንደ እኔ ያሉ ሌሎችም አሉ፤ ጥሪውን የሚጠብቁት ከእናንተ ነው።

በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ከአጥቢያው ምእመናን አንዱ