በሻንጣ የሚላክ የግፊት መድኃኒት



ሰሞኑን አንድ እናት የግፊት መድኃኒት ማዘዣ ፈልገው መጡ። ለካኋቸው፣ ደህና ናቸው። "ለእኔ እኮ አይደለም ዶክተር፣ በዲቪ አሜሪካ ለሄደው ልጄ ነው። እዚያ ከታከምኩ የመንግሥት ጥገኛ ተብዬ ዜግነት ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቷል" አሉኝ።

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ደንብ ሜዲኬድና የምግብ ድጎማ የተጠቀመን ሰው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ያስቆጥርበት ነበር። 2021 ላይ ተነሳ። ያኔም ቢሆን የሚመለከተው ግሪን ካርድና ቪዛ ጠያቂውን እንጂ ዜግነት ጠያቂውን አልነበረም። ወሬው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

"ስደተኛ የሚሄደው ድጎማ ሊበላ ነው" የሚሉትስ? ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ በዲቪ የገባ አዋቂ ባብዛኛው 5 ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬድ አያገኝም። ግብሩ ግን ከመጀመሪያው ደመወዙ ይቆረጣል! እኔን የሚያሳስበኝ ድጎማ የሚበላው ሳይሆን መታከም የሚፈራው ነው።

ማዘዣውን አልጻፍኩም (ትንሽ ተቀየሙኝ)። ሳይለካ፣ ኩላሊቱ ሳይታይ፣ መጠኑ ሳይስተካከል ክኒን ብቻ መዋጥ ሕክምና አይደለም።

እዚያ ያላችሁ፣ ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር ሂዱ። ኢንሹራንስ ባይኖራችሁም እንደ ገቢያችሁ ነው የሚያስከፍሉት። ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ወይም ግማሽ ሰውነታችሁ ከደከመ 911 ደውሉ፤ ሂሳቡ በኋላ ቢመጣም ድንገተኛ ክፍል "ገንዘብ የለህም" ብሎ ሊመልሳችሁ አይችልም። የወረቀቱን ጉዳይ ጠበቃ ጠይቁ፣ ሕጉ ይቀያየራል።

ከእናትየው ጋር ለልጃቸው ቅርብ የሆነውን ጤና ማዕከል ጉግል ላይ ፈልገን አገኘን። ስልኩን ጽፌ ሰጠኋቸው።