ብልቃጡን የት ልደብቀው?

ደብዳቤው የመጣው ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። የጻፈችልኝ ልጅ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን በሴትነት የምታውቅና በሴትነት የምትኖር ናት፤ ፈረንጆቹ ትራንስጀንደር የሚሏት መሆኑ ነው። ከሦስት የሀበሻ ልጆች ጋር ቤት ተጋርታለች። ማንነቷን ያውቃሉ፤ አንዷ ትወዳታለች፣ ሌሎቹ ችለዋታል። ጣጣው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይዛት በየቀኑ የምትውጠውን ክኒን ብልቃጥ አንዷ መታጠቢያ ቤት አየችው፤ ስሙን ስልኳ ላይ ፈለገች፤ «የቫይረሱ መድኃኒት ነው» ብላ ለሌሎቹ ነገረች። በሳምንቱ የልጅቷ ኩባያ ከመደርደሪያው ወርዶ ብቻውን ተቀመጠ።

ልጅቷ ነጻ ናት። ክኒኑን የምትወስደውም ነጻ ሆና እንድትቀር ነው። ግን ማን ይሰማል? ብልቃጡን ቦት ጫማ ውስጥ ደበቀችው። የተደበቀ ነገር ደግሞ ይረሳል፤ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን እያለች ጭራሽ ተወችው። አሁን የምትጠይቀኝ ስለ መርፌው ነው። ከሆርሞኔ ጋር አይጣላም ወይ? መቀመጫዬ ላይ ሲሊኮን አስገብቻለሁ፣ የት ሊወጉኝ ነው? ትላለች።

«ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኩባያ መለየትን ግን እኛ ሳናውቀው ማን ያውቀዋል? ቫይረሱ በኩባያ እንደማይተላለፍም ማናችንም አልጠፋንም።

እህቴ፣ ክኒን መተው ያንቺ ብቻ ጉድ አይደለም። ክኒኑ እንደሚከላከል ያረጋገጠው አይፕሬክስ የተባለው ጥናት ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከ2,499 ተሳታፊዎች 339ኙ ትራንስጀንደር ሴቶች ነበሩ። በ2015 የነሱ ውጤት ለብቻው ተለይቶ ሲታይ ግን ክኒኑ ምንም ያልፈየደላቸው መሰለ፤ እውነተኛው ክኒን ከደረሳቸው መካከል 11ዱ ተይዘዋል። ነገሩ የገባቸው ደም ሲመረመር ነው። ቫይረሱ በተገኘባቸው ጊዜ ከ11ዱ የአንዷም ደም ውስጥ መድኃኒቱ አልነበረም። መድኃኒቱ ሰንፎ ሳይሆን ሳይዋጥ ቀርቶ ነው። ሆርሞን የሚወስዱት ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ መድኃኒት ነበራቸው። ብዙዎቹ ክኒኑ ሆርሞኔን ያዳክምብኛል ብለው ይሰጋሉ። ሴትነቷን በስንት መከራ ያገኘች ልጅ ከሁለቱ አንዱን ተዪ ብትባል የትኛውን እንደምትተው መገመት አያቅትም።

አሁን መርፌው። የመጀመሪያው ካቦቴግራቪር ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ መርፌዎች በወር ልዩነት፣ ከዚያ በየሁለት ወሩ ነው የሚወጉት። የተፈተነው በ4,566 ሰዎች ላይ ሲሆን 570ዎቹ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ነበሩ። ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር መርፌ የተወጉት በቫይረሱ የመያዝ እድላቸው በ66 በመቶ ቀንሷል። ሆርሞን የሚወስዱትና የማይወስዱት ሲለኩም በደማቸው ያለው የመርፌው መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ሆርሞንሽ መርፌውን አያዳክመውም ማለት ነው።

ችግሩ የሚወጋበት ቦታ ነው። ይሄኛው የሚሰጠው መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ነውና መርፌው ሲሊኮኑ ላይ ካረፈ መድኃኒቱ ጡንቻ አላገኘም ማለት ነው። እዚህ ላይ እፍረት አያዋጣም፤ ለነርሷ ገና ሳትዘጋጅ ንገሪያት።

በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ሌናካፓቪር ግን ሆድ ወይም ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ በዓመት ሁለቴ ብቻ። ሲጀመር ለሁለት ቀን ክኒን ይዋጣል፣ በቃ። በወንዶችና በትራንስጀንደር ሴቶች ላይ በተካሄደው ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,179 ሰዎች የተያዙት 2 ናቸው። እኔን ብትጠይቂኝ ላንቺ የሚስማማሽ ይሄኛው ነው፤ ይሁን የሚለው ግን ሐኪምሽ ነው።

ዋጋው በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ተብሎ ስታዪ አትደንግጪ። እዚያ አገር አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት ወጪን ከታካሚው ኪስ ሳይነኩ እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ፤ ያንቺው ይሄኛውን መርፌ ይሸፍን እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ርካሹ ቅጂ ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት በ40 ዶላር ገደማ ለ120 አገሮች እንደሚቀርብ ተነግሯል፤ ኢትዮጵያም ከ120ዎቹ አንዷ ናት። ብራዚል፣ ፔሩ፣ ሜክሲኮና አርጀንቲና ግን የሉበትም። ሰዎቻቸው ገላቸውን ለጥናቱ ሰጥተው ነበር እኮ! ይሄን ሳነብ ተናድጃለሁ።

ክኒኑን ካቆምሽ ሰንብተሻልና ከሁሉ በፊት ተመርመሪ። ቫይረሱ ገብቶ ከሆነ መርፌው ብቻውን አያድንም፣ መድኃኒቱንም ሊያስለምደው ይችላል። ቂጥኝና ጨብጥን ስለማይከላከል ኮንዶም አይቅር። ማቆም ስትፈልጊም ዝም ብለሽ አትጥፊ። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ መድኃኒቱ እየሳሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ቫይረሱ ቢገባ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው መርፌ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ክኒን ወይም ወደ ሌላ መከላከያ መሻገር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክሊኒኩም ኢንሹራንሱም ደብዳቤ ይልካሉ፤ የናንተ ቤት የፖስታ ሣጥን ደግሞ አንድ ነው። የቀጠሮውም የሂሳቡም ወረቀት በስልክሽ ብቻ እንዲመጣልሽ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያቸው።