ያ ሥጋ የት ገባ?

ወገኖች፣ ዛሬ በምጽፈው የሚቀየሙኝ ይኖራሉ። ይቀየሙ።

ካርቱም ጀሬፍ አብረን የኖርነው አንድ ወንድማችን በአንድ ሆስፒታል ትርፍ አንጀቱን አስወጣ። ቡና ተፈላ፣ እንኳን ማረህ ተባለ፣ አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆዱ ተነፋ። አንዱ አሜባ ነው አለ፣ አንዱ ጉበት፣ አንዷ ቡዳ። ስካን ሲነሳ ሆዱን ሙጫ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ሞልቶታል። ሐኪሙ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ያኔ የወጣው ትርፍ አንጀት ውጤቱ ምን ነበር?» የምን ውጤት! ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል።

ሆስፒታሉ አጥፍቷል። የካንሰር ምርመራ ለከፈለ ብቻ ነው ማለት ነውር ነው። ግን «ተቆርጦ ለወጣ ሥጋ ደግሞ ምን ገንዘብ ይወጣል» ብለን የተከራከርነው እኛ ነን። እኔም ነበርኩበት።

ስሙ ነው ያታለለን። በአማርኛ ትርፍ፣ በዐረብኛ ዛይዳ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ትርፍ የተባለ ነገር ካንሰር ይይዘዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ይይዘዋል። ብርቅ ነው፤ ከመቶ ትርፍ አንጀት አንዱ ላይ ቢገኝ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። አንዱ ዓይነት ዕጢ ከ1 ሴንቲሜትር ካነሰ ብዙ ጊዜ ትርፍ አንጀቱን ማውጣቱ ራሱ ሕክምናው ነው። ከ2 ሴንቲሜትር ከበለጠ የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍልም ይቆረጣል። ያ ዝልግልግ የሚያመርተው ዓይነት ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ግን የብዙ ሰዓት ቀዶ ጥገና፣ አንዳንዴም በሞቀ የካንሰር መድኃኒት ሆድን ማጠብ ይጠይቃል። ስደተኛ ይህን የት ያገኛል?

ኦድሪ ሄፕበርን የምትባለዋ ተዋናይት በ1988 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ መጀመሪያ የተጓዘችው ወደ አገራችን ነበር። በ1993 የሞተችው ከትርፍ አንጀት በተነሳ ካንሰር ነው። ገንዘብም ሐኪምም ነበራት፤ ሲታወቅ ግን ተሰራጭቷል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ ዘራ የምንለው የካርቱሙ የካንሰር ሆስፒታልም ሥራ አቆመ።

ስለዚህ ገዳሪፍ፣ ካይሮ፣ ካምፓላ ያላችሁ፦ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር «ሥጋው ለፓቶሎጂ ይሄዳል ወይ?» በሉ። ራሳችሁ አድርሱ ካሏችሁ ዕቃው ውስጥ ያለው ፎርማሊን ይሁን፤ ውሃ አይደለም። ስም ይጻፍበት። ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ለኦፕራሲዮን ስትልኩ የምርመራውንም ጨምሩ። ለሬሳ መላኪያ ስንት እንደምናዋጣ አይቻለሁ።

ውጤቱ ሲወጣ በስልክ ፎቶ አንሱትና ለሌላ ሰው ላኩት። የብዙዎቻችን ወረቀት ካርቱም ቀርቷል።