ስም ሳይጠየቅ የሚገባ እንግዳ

እንግዳን በደስታ መቀበል የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ እንግዳውን በአዳራሽ ያስተናግደዋል እንጂ ጓዳውን ከፍቶ አያሳየውም። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርም ይኸው ሥርዓት ሊጠበቅ እንደሚገባ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ በመጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። ከዚያ ወዲህ «አኖኒመስ»፥ ማለት «ስም የለሽ»፥ ብሎ የጻፈ ሰው ማንነቱ ሳይመረመር እንዲገባ መፍቀድ ተለመደ። የይለፍ ቃል ሲጠየቅ የኢሜይል አድራሻውን መስጠቱም ለጨዋነት ያህል ነው እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ለሕዝብ የሚታደል ማስታወቂያና ቅጽ በዚህ መንገድ ቢሰጥ ነውር የለበትም።

ጉዳቱ የሚመጣው በሩ ሳይታወቅ ተከፍቶ ሲገኝ ነው። በ2015 የአሜሪካው የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስም የለሽን የሚያስገቡ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰርቨሮች እንዳሉ ገለጡ፤ በ2017 ደግሞ ኤፍቢአይ፥ ወንጀለኞች በዚህ በር እየገቡ የበሽተኞችን መዝገብ እንደሚፈልጉ ለሕክምናና ለጥርስ ሐኪም ቤቶች አስጠነቀቀ።

ምናባዊ ሰርቨር ሲኖር ጥንቃቄው ይበዛል። ምናባዊ የተባለውም አንድ ኮምፒዩተር ብዙ አድራሻ ይዞ እንደ ብዙ ሰርቨር ስለሚታይ ነው፤ አንድ ግቢ ብዙ በር እንዳለው ማለት ነው። ቪኤስኤፍቲፒዲ በሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አድራሻ የተለየ የትእዛዝ ፋይል ሊጻፍ ይችላል። በዚያ ውስጥ «አኖኒመስ ኢኔብል» የሚል መስመር አለ፤ «ኖ» ከተባለ በሩ ይዘጋል፥ «የስ» ከተባለ ይከፈታል። መስመሩ ፈጽሞ ካልተጻፈ ግን ፕሮግራሙ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ይቈጥረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በር የዘጋ ሠራተኛ ለሌላ ክፍል ሁለተኛ ሰርቨር ሲጨምር ይህችን አንዲት መስመር ቢረሳ፥ መዝገቡን ለማያውቀው ሰው ሁሉ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ኀላፊዎች ሦስት ነገር እንዲያዙ እንመክራለን። አንደኛ፥ እያንዳንዱ የትእዛዝ ፋይል ለየብቻው ይመርመር፤ መከልከሉም በግልጥ ይጻፍበት። ሁለተኛ፥ ስም የለሽ መግባት ካስፈለገው ለሕዝብ የተፈቀደውን ብቻ በያዘ አቃፊ ይወሰን፤ ያንብብ እንጂ ፋይል አያስቀምጥ፤ አለዚያ መሥሪያ ቤቱ የሌባ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ሠራተኛው ከውጭ ሆኖ በየአድራሻው «አኖኒመስ» ብሎ ለመግባት ይሞክር፤ የገቢና የወጪውንም መዝገብ ዘወትር ይመልከት።

ይህም ሆኖ ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይሰውር ስለሚያስተላልፍ፥ ምስጢር ያለበት ሰነድ በተመሰጠረ መንገድ ቢላክ ይሻላል።

የተሰረቀ ዕቃ ተፈልጎ ይመለስ ይሆናል፤ የተገለጠ ምስጢር ግን አይመለስም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይባልብን በሮቻችንን ዛሬውኑ እንቍጠር።