ማይክሮፎኑ ወደ ነዋሪው ይዙር

የክልል ሬዲዮ ዜና አዘውትሮ የሚሰማ ሰው የሚያውቀው አንድ አካሄድ አለ። በአንድ ወረዳ የውሃ ቦኖ ተመረቀ ይባላል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግንባታው ስንት ሚሊዮን ብር እንደፈጀና ስንት ሺህ ሕዝብ እንደሚጠቀም ይዘረዝራል፤ አስተዳዳሪው ተባባሪዎችን ያመሰግናል፤ በመጨረሻ አንድ ነዋሪ ለጥቂት ሰከንድ ገብቶ ደስታውን ይገልጽና ዜናው ያልቃል። አንድ ጀሪካን ውሃ በስንት እንደሚቀዳ፣ የቦኖው ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ፣ ሰልፉ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያዝ፣ ጄኔሬተሩ ሲበላሽ ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ፣ ከስድስት ወር በኋላም ውሃው መውረዱን የሚጠይቅ የለም። ይህን ሁሉ አጥርታ የምታውቀው ጀሪካኗን ደርድራ ተራዋን የምትጠብቀው እናት ናት። ዜናው ግን ምስጋናዋን ብቻ ይፈልጋል። የክልል የሕዝብ ሬዲዮዎች ትልቁ ጉድለት ቃለ መጠይቃቸው ከቢሮ ተነሥቶ ቢሮ ላይ ማለቁ ነው ብለን እናምናለን፤ ሊታረም የሚገባውም ከዚሁ ይጀምራል።

ጥያቄያችን ከሕጉ የራቀ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን በሚያስተናግድ ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9፣ የደሴ 87.9፣ የጎንደር 105.1፣ የድሬዳዋ 106.1 የተቋቋሙትም ከአዲስ አበባ የሚሰማውን ለመድገም አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ በባሕርዩ ሩቅ አይሄድም፤ ተራራ ከጋረደው ይቆማል። አድማጩ ከሞላ ጎደል አንድ ገበያ የሚገበያይ፣ አንድ ሆስፒታል የሚታከም፣ በአንድ መናኸሪያ የሚሳፈር ሕዝብ ነው። ይህ አድማጭ የሚኒስትሮችን ስብሰባ ከየትም ሊሰማ ይችላል፤ የቅዳሜ ገበያው የጤፍ ዋጋ ለምን እንደተወደደ ግን ከአካባቢው ጣቢያ በቀር የሚነግረው የለም።

የተራ ሰው ኑሮ ዜና አይሆንም የሚሉ አሉ። የአፋር ሕዝብ ዳጉ ለዚህ በቂ መልስ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጉዳያቸውን አቁመው የመጡበትን አገር ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ የከብቱ ጤና፣ የሰላሙ ሁኔታ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ጥሩ ጋዜጠኛ ከሚሠራው ሥራ ይህ በምን ያንሳል? ረጅም ጨዋታ አድማጭ ያሰለቻል የሚለውም አያስኬድም። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመዓዛ ብሩ የጨዋታ እንግዳ አንድን ሰው ለሳምንታት እያስከተለ ሲያቀርብ አድማጩ በትዕግሥት ተከታትሏል። ያ የግል ጣቢያ ነው፤ እንግዶቹም በአመዛኙ ስመ ጥር ሰዎች ናቸው። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ጣቢያ ለአንድ የእድር ዳኛ ወይም ለአንዲት ሸማኔ ተመሳሳይ ጊዜ የማይሰጥበት ምክንያት አይታየንም።

በሙዚቃው በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ የሚተካ አይደለም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ምድር ያሉ አገሮች ስም ናቸው። ደሴ ላይ የተተከለ ጣቢያ ከእነዚህ አገሮች ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዞ ዘፈኑን ብቻ አጫውቶ ቢሸኘው ግማሹን ትቶታል። ማሲንቆውን ማን ሠራለት? ጭራውን ከየትኛው ፈረስ ይመርጣል? ዜማውን ከአባቱ ነው ከጎረቤት የወሰደው? በሠርግና በለቅሶ ግጥሙን እንዴት ይለውጣል? ይህ በጽሑፍ ያልሰፈረ እውቀት ነው፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። በአማራ ክልል በአዊኛና በኽምጣንግኛ የሚተላለፉት ፕሮግራሞች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ብዙ ባልተጻፈባቸው ቋንቋዎች አንድ ሰዓት የሽማግሌ ጨዋታ ነገ ለመማሪያ መጽሐፍም ለመዝገበ ቃላትም ግብዓት ነው። ስለዚህ የተቀዳው ድምፅ ከተላለፈ በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ የሚጠፋ ፋይል ሊሆን አይገባውም። የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ ቅጂው ይሰጥ።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለም ይባላል። ችግሩ እውነት ነው፤ ግን ምን እያስከተለ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ጋዜጠኛ ብዙ ጊዜ ከከተማ የሚወጣው የጋበዘው መሥሪያ ቤት መኪና ሲመድብለትና የውሎ አበል ሲከፍለው ነው። በሰው መኪና ሄዶ፣ ምሳውን ተጋብዞ፣ ማምሻውን በዚያው መኪና የሚመለስ ጋዜጠኛ ከኃላፊው ፊት ቆሞ ነዋሪውን «ውሃው በርግጥ ይወርዳል?» ብሎ እንዲጠይቅ መጠበቅ ከባድ ነው። ለትራንስፖርትና ለአበል የሚወጣውን ገንዘብ ጣቢያው ራሱ በበጀቱ ይያዝ፤ ሽፋኑ ቢቀንስ እንኳ ይቀንስ። በወር ሁለት ቀበሌ በራሱ ወጪ ሄዶ በቅጡ የጠየቀ ጣቢያ ሃያ ምርቃት ከዘገበ ይልቅ ለሕዝቡ ይጠቅማል።

ሕዝቡ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲናገር እያየን ሬዲዮ ምን ሊጨምር ነው የሚል ክርክርም እንሰማለን። እዚያ የሚናገረው ስማርት ስልክና ኔትዎርክ ያለው ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ገበሬ የለበትም። የተባለውን የሚያጣራ፣ ሲሳሳት የሚያርም፣ በሕግ የሚጠየቅ አዘጋጅም አይገኝበትም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት የምንሰጠው የደኅንነቱን ነው። ግጭት ባለበት አካባቢ ማይክሮፎን ይዞ ሰው ማናገር ተናጋሪውንም ጋዜጠኛውንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ በቀጥታ ሥርጭት የወጣ አንድ ቃል ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጋጭ ይችላል። ይህን ማንም ቀላል ነገር ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሆኖም ጣቢያው ዝም ሲል ሰው ማውራቱን አይተውም፤ ያልተጣራው ወሬ ብቻውን ሜዳውን ይይዘዋል። አስፈላጊ ሲሆን ስምና ቦታ ይቆይ፣ ቃለ መጠይቁ ተቀድቶና ታይቶ ይተላለፍ፣ ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቃሉ ይመለስለት። መንገድ የተዘጋበት ቀበሌ ነዋሪ መድኃኒት ከየት እንደሚያገኝ፣ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት መጠየቅ ግን የማንም ወገን ደጋፊ መሆን አይደለም።

ኃላፊዎች አይጠየቁ አንልም፤ ይልቁንም ይበልጥ ይጠየቁ ነው የምንለው። የምንሻው የቅደም ተከተል ለውጥ ነው፤ መጀመሪያ ነዋሪዋ ትናገር፣ ድምፅዋ ተቀድቶ ለኃላፊው ይሰማ፣ እሱም ለእሷ ይመልስ። የክልል ምክር ቤቶች የመገናኛ ብዙኃኖቻቸውን ዓመታዊ ሪፖርት ሲሰሙ ስንት መድረክ ተዘገበ ብለው መጠየቃቸውን ትተው፣ ከሥርጭቱ ስንቱ ሰዓት በነዋሪዎች አንደበት እንደተሸፈነ፣ ከቀረቡት አቤቱታዎችም ስንቱ መልስ እንዳገኘ ይጠይቁ። የሐምሌው በጀት ሲጸድቅም ጋዜጠኛው በራሱ ጣቢያ መኪና ቀበሌ የሚደርስበት ገንዘብ በግልጽ ተለይቶ ይመደብ።