ሳንጠየቅ የሚመረጥልን ወሬ



በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢዶሎ ወጣቱ ከእንቅልፉ እንደነቃ ስልኩን ያያል። ፌስቡክን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀርብለትን የመረጠው ማነው? እርሱ ነውን? አይደለም። አልጎሪዝም የሚባለው የስሌት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በዋናነት የሚመዝነው የወሬውን እውነትነት ሳይሆን ስንቱን ሰው እንደሚያነጋግር ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንድን የቁጣ ምልክት እንደ አምስት «ላይክ» ይቆጥር ነበር። እንግዲህ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስቆጣ ጽሑፍ ከእርቅ ወሬ ቢቀድም ምን ይገርማል?

የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር አገራችንን አንስታለች። ኢትዮጵያ ስድስት ቋንቋዎች እንዳሏት፣ የፌስቡክ የጥንቃቄ ሥርዓት ግን ሁለቱን ብቻ እንደሚያውቅ ተናገረች። (ስድስት ማለቷም ቢሆን ያንሳል፤ እኛ ከሰባ በላይ እንቆጥራለን።)

ታዲያ መፍትሔው መስመሩን መቁረጥ ነውን? ወለጋ ይህንንም ቀምሳዋለች። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም፣ በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ወሬ ግን አይቋረጥም። ደምቢዶሎ ያለ ወንድሙን ደውሎ መጠየቅ ያልቻለ ሰው ከመኪና የወረደ መንገደኛ የነገረውን ከማመን ሌላ ምን ምርጫ አለው? ዲናችን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል፤ ማጣሪያው ሲዘጋ በምን እናጣራ?

በሕዝብ ጉዳይ ላይ ሹራ፣ ማለትም ምክክር፣ ታዟል። ካሊፎርኒያ ያለው ኩባንያ ስሌቱን ሲያወጣ የወለጋን እናት አላማከረም። መስመሩን የቆረጠውም አላማከራትም። ለእኔ ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት መልክ ናቸው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ከተሠራጨ በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ ነበር። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የጠየቁት የካሣ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አልጎሪዝሙ ጥላቻን ማራገቡን እንዲያቆምና የአፍሪካን ቋንቋ የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎች እንዲጨመሩም ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።