ጋይንት ባሕር የለም፤ የባሕሩ ወሬ ግን ይመለከተዋል

ንፋስ መውጫ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ስለ አየር ጸባይ ይናገራል። ባሕር ግን በአጠገቧ የለም። ስለዚህ «የፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቀ» የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ብቅ ሲል «እኛን ምን አገባን?» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚያርስ ዘመድ ያለው ወጣት ይህን ዜና ቢያንስ የኳስ ውጤት የሚከታተለውን ያህል ሊከታተለው ይገባል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክረምት ዝናባችን እርጥበት በአብዛኛው ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ በኩል ነፋስ ያመጣልናል። ይህን ነፋስ ሊያዳክም የሚችለው ደግሞ ከ16 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ውኃ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የፓስፊክ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከተለመደው በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። መነሻው ግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። ያኔ እዚያ አየሩ ወደ ላይ ይነሳና ያዘንባል፤ በእኛ በኩል ደግሞ ወደ ታች ይጫናል፣ ደመና መሥራት ይከብደዋል። ተቃራኒው ማለትም የባሕሩ መቀዝቀዝ ላኒኛ ይባላል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ የሰሜኑን ክረምት ያጠናክራል።

ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። የካቲት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ኤልኒኖ መግባቱን አሳወቀ። በጊዜው «ደካማ ነው» ነበር የተባለው። ከወር ወር ግን እየበረታ ሄዶ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ኃይለኞች ተርታ ገባ። ክረምቱ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሸፈ። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ላይ መንግሥትና አጋሮቹ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። እስቲ ቁጠሩት። ከየካቲት እስከ ሰኔ አራት ወር አለ። አራት ወር በገበሬ ቤት ብዙ ነው፤ በግ ዋጋው ሳይወድቅ ይሸጥበታል፣ ገለባ ይቆጠብበታል፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈለግበታል።

ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ያው መሥሪያ ቤት ኤልኒኖ ተመልሶ መምጣቱን ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ሰሜን ጎንደርና ዋግ ኽምራ በድርቅ ተጎዱ። ግጭቱም አባባሰው እንጂ ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ ምልክቱ ግን ቀድሞ ታይቶ ነበር።

የአንበጣውን ነገርም አስታውሱ። ግንቦት 2010 እና ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስተው የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አራሱት። አንበጣው እዚያ እርጥብ አሸዋ ላይ ተራባ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. እኛ ሰማይ ላይ ያየነው መንጋ አንዱ መነሻው ያ ዝናብ ነው። ማን ነው ታዲያ ባሕሩ አይመለከተንም ያለው?

ይህ ሁሉ እንዴት ይታወቃል? በ1975 ዓ.ም. የደረሰው ትልቅ ኤልኒኖ ሳይንቲስቶቹን ሳያስቡት ስለያዛቸው፣ ከዚያ በኋላ በፓስፊክ ላይ 70 ገደማ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ተተከሉ። የውኃውን ሙቀትና ነፋሱን እየለኩ በሳተላይት ይልካሉ። መርከበኛው ማዕበሉን ለመሸሽ የሚያየው መረጃ እና የጋይንት ገበሬ ክረምት የሚተነበይበት መረጃ የሚነሱት ከአንድ ባሕር ነው። ልዩነቱ መርከበኛው ትንበያውን ሳያይ ከወደብ አለመውጣቱ ነው። ገበሬያችን ግን ብዙ ጊዜ ሳያይ ይዘራል።

ለምን? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ትንበያው በሚገባው መልክ ስለማይደርሰው ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ያወጣል። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም ለምሥራቅ አፍሪካ በሙሉ ያወጣል። የሚወጣው ግን በአብዛኛው ባለ ቀለም ካርታ ነው፤ «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» የሚል። ይህ ማለት «አይዘንብም» ማለት አይደለም። ምንም ምልክት በሌለበት ዓመት ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ ነው። 45 ሲባል ሚዛኑ ወደ ደረቁ አዘነበለ ማለት ነው፣ በቃ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ጸባይ አፕ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የጥቂት ቀን ነገር ይነግራችኋል እንጂ ክረምቱን አያውቅም። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ በረሃ ያለውንም ልዩነት በደንብ አይለይም።

ገበሬው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዝናቡ መቼ ይገባል? መሐል ላይ ይቋረጣል ወይ? መቼ ይወጣል? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ካርታውን ወደነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሶ፣ ለደጋውና ለቆላው ለይቶ፣ ከዘር በፊት በቀበሌ ስብሰባና በሬዲዮ ሊያደርሰው ይገባል። ካለፈው ክረምት የተተነበየውና የሆነውም ጎን ለጎን ይነገር። ሰው የሚያምነው ስህተቱን የማይደብቀውን ነው።

«ትንበያ ይሳሳታል፣ ዝናብ የእግዜር ነው» የሚሉ አሉ። ይሳሳታል፣ እውነት ነው። ግን አባቶቻችንም ሰማዩን፣ ነፋሱንና ወፉን እያዩ ይገምቱ ነበር፤ ማንም እምነት ጎደላቸው አላላቸውም። የባሕሩን ሙቀት ማየት የዚያው ልማድ ቅጥያ ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «አወቅሁ እንበል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ከሌለኝ ምን ላድርግ?» ትክክል ነው። ድሃ ገበሬ በወሬ ብቻ አይድንም። ስለዚህ ትንበያው መሄድ ያለበት ወደ ገበሬው ብቻ አይደለም፤ በጀት ወደሚይዘው ሰው ጭምር ነው። ባሕሩ መሞቁ ሲነገር ዘሩ፣ የከብት መኖውና የሴፍቲኔቱ ገንዘብ መንቀሳቀስ አለበት። ጎተራው ከተራቆተ በኋላ የሚመጣ ዕርዳታ ነፍስ ያድናል፤ በሬውን ግን አይመልስም። በሬ የሸጠ ቤት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ቢዘንብም የሚያርስበት የለውም።

እናንተስ? ቲክቶክ ላይ «ታይቶ የማይታወቅ ጎርፍ ሊመጣ ነው» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ከማጋራታችሁ በፊት ማን እንዳለው ጠይቁ። ኢንስቲትዩቱ የግንቦቱን የክረምት ትንበያ ሲያወጣ አንብቡትና ንፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ደውሉ። «አባዬ፣ ዘንድሮ ሚዛኑ ወደ ደረቅ ያዘነበለ ይመስላል፤ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዘር አትሸፍነው፣ የልማት ሠራተኛውንም ጠይቀው» በሉ። ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌ ተራ ስልክ ካለ 8028 ላይ ደውሎ የግብርና ምክር በአማርኛ መስማት ይቻላል፤ ቁጥሩን ንገሯቸው። በየወሩ ደግሞ ተከታተሉ፤ የ2007ቱ ኤልኒኖም ሲጀምር ደካማ ነበርና።

አምስት ደቂቃ ስልክ ነው። አባዬ ሊሰማ፣ ሊስቅ ወይም ሊከራከር ይችላል፤ ውሳኔው የእሱ ነው። ግን ሳይሰማ መወሰን የለበትም።